እንዝርትና እርሳስ

የደጋ ሴቶች አብረው ሲፈትሉ አብረው ይማራሉ

ደጋ ብርድ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጡ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ሌሊቱ ውርጭ ነው።

በዚህ አገር ጋቢ ጌጥ ብቻ አይደለም። ቀን ልብስ ነው፤ ማታ ብርድ ልብስ ነው። ገበሬው ይለብሰዋል። አራሷ ትከናነበዋለች። ሽማግሌው ለእርቅ ሲቀመጥ ይደርበዋል።

ታዲያ ጋቢ ከየት ይመጣል? «ከሸማኔ ቤት» እንላለን። እውነት ነው። ነገር ግን ሸማኔው እጅ ከመድረሱ በፊት ብዙ ሥራ አለ። ያ ሥራ የሴቶች ሥራ ነው። ጥጡን የምታጸዳው፣ የምትዳምጠው፣ የምትፈትለው ሴት ናት። ሸማኔው ጋቢውን በጥቂት ቀናት ይሠራል። ፈታይዋ ግን ሳምንታት ትደክማለች።

ይህ ድካም አይታይም። ለምን? ማንም አይቆጥረውማ! ዛሬ እኛ እንቁጠረው።

ጥጥ ከቆላ፣ ፈትል ከደጋ

ጥጥ ሙቀት ይወዳል። ውርጭ ይገድለዋል። ስለዚህ በጎጃም ደጋ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ይበቅላል እንጂ ጥጥ አይበቅልም። ጥጥ የቆላ ሰብል ነው። በአገራችን በመተማ፣ በሑመራና በአዋሽ ሸለቆ በብዛት ይመረታል።

ስለዚህ የደጋ ሴት ጥጡን ከገበያ ትገዛለች። ይህን ልብ በሉ። ሥራውን ሳትጀምር ገንዘብ አውጥታለች። ያወጣችውን ካልመዘገበች፣ አተረፈች ወይስ ከሰረች? በምን ታውቃለች?

ከጥጥ እስከ ልቃቂት

ሥራው ደረጃ በደረጃ ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የምታውቁትን ነገር ማንበብ ግን ለአዲስ አንባቢ ጥሩ ነው። ቃሉን ከዚህ በፊት ጆሯችሁ ያውቀዋል። አሁን ዓይናችሁም ይወቀው።

1ኛ. ማጽዳት። ገለባና ቆሻሻ ከጥጡ ይለቀማል።

2ኛ. መዳመጥ። ጥጡ በለስላሳ ድንጋይ ላይ ይደረጋል። በብረት መዳመጫ ይዳመጣል። ፍሬው ከጥጡ ይለያል።

3ኛ. መንደፍ። ደጋን እንደ ቀስት ነው። ጅማቱ ሲነዝር ጥጡ ይፍታታል፤ ይነፋል። ነጭ ጉም ይመስላል። ይህ ባዘቶ ይባላል።

4ኛ. ማመልመል። ባዘቶው በእጅ ይጠቀለላል። አመልማሎ ይሆናል።

5ኛ. መፍተል። እንዝርት ቀጭን ዘንግ ነው። በአንድ በኩል ክብ ነገር አለው። ሴቲቱ ዘንጉን ታሽከረክራለች። በሌላው እጇ አመልማሎውን ትስባለች። ጥጡ ይከራል፤ ክር ይሆናል።

6ኛ. ማጠንጠን። ክሩ ከእንዝርቱ ላይ ይወርዳል። ተጠንጥኖ ልቃቂት ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ፈትሉ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ቁመቱን የሚይዘው ክር ድር ይባላል። በድሩ መካከል በመወርወሪያ የሚመላለሰው ክር ማግ ይባላል። ድር ቀጭንና ጠንካራ መሆን አለበት፤ ይወጠራልና። ማግ ደግሞ ለስላሳ መሆን አለበት። ሙቀት የሚሰጠው እሱ ነው።

ነጠላ ስስ ነው። ኩታ ድርብ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ቡልኮ ከጋቢም የወፈረ ነው። ልብሱ በደረበ ቁጥር ፈትሉ ይበዛል። ፈትሉ በበዛ ቁጥር የሴቲቱ ቀን ይበዛል።

ዛሬ ብዙ ሸማኔዎች ለድሩ የፋብሪካ ክር ይገዛሉ። ለማጉ ግን የእጅ ፈትል የሚፈልግ አሁንም አለ። የእጅ ፈትል ጋቢ ይለሰልሳል፤ ይሞቃል። ስለዚህ የፈታይዋ ሙያ ገና ዋጋ አለው። ዋጋውን ማስከበር ግን የራሷ ፈንታ ነው።

ብቻዬን ከምፈትል

አንዲት ሴት ብቻዋን ስትፈትል ሥራው ይሰለቻል። ከጎረቤቶቿ ጋር ስትፈትል ግን ቀኑ ይበርራል። ለዚህ ነው አባቶቻችንና እናቶቻችን ደቦንና ወንፈልን የፈጠሩት። ዛሬ ለአንቺ፣ ነገ ለእኔ። አጨዳ በወንፈል ይታጨዳል። ጎጆ በደቦ ይሠራል። ፈትልም እንዲሁ ነው።

ጎረቤታሞች ይሰባሰባሉ። ቡና ይፈላል። አንዷ ትዳምጣለች። አንዷ ትነድፋለች። ሌሎቹ ይፈትላሉ። ልጅ የምትድር እናት ካለች ተራው የእሷ ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ተራው የሌላዋ ነው።

ይህ ስብስብ ሥራ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤትም ነው። ጥቁር ሰሌዳ የለውም። አስተማሪዋ አሮጊቷ ናቸው። ተማሪዋ ገና እንዝርት መያዝ የጀመረችው ልጅ ናት።

«እማ፣ ክሬ ተበጠሰ» ትላለች ልጅቱ።

«አትሳቢው ልጄ። እንዝርቱ ይዙርልሽ እንጂ። ሳይከር ከሳብሽው ይበጠሳል።»

«አሁንስ እማ?»

«አሁን ወፈረ። አመልማሎሽ እኩል አይደለም። እስቲ ወዲህ በይው።»

አሮጊቷ አመልማሎውን ይቀበላሉ። እንደገና ያመለምሉታል። ልጅቱ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። በሚቀጥለው ቀን ያለ አስተማሪ ታመለምላለች።

እንዲህ ያለው እውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም። ከእጅ ወደ እጅ የመጣ ነው። ልጅቱ ካልተማረች፣ አሮጊቷ ሲያልፉ እውቀቱም ያልፋል። ዛሬ ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት ይውላሉ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ልጅቱ ፊደልን ከትምህርት ቤት፣ ፈትልን ከአያቷ ብትማር ሁለት ሀብት ይኖራታል። አያቷስ ፊደልን ከልጅቱ ብትማር? ያኔ ሁለቱም አስተማሪ፣ ሁለቱም ተማሪ ይሆናሉ። ክብር አይቀንስም። እንዲያውም ይጨምራል።

የዓይን ግምት ሌባ ነው

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የጥጥና የፈትል ዋጋ በየገበያው ይለያያል። በየጊዜውም ይለወጣል። እኛ ለስሌት እንዲመቸን አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

አንዲት ሴት 1 ኪሎ የተዳመጠ ጥጥ በ200 ብር ገዛች እንበል። ፈተለችው። ቆሻሻውና ብናኙ ሲወጣ 800 ግራም ፈትል አገኘች። ሥራው 16 ቀን ፈጀባት። 1 ኪሎ ፈትል በ500 ብር ይሸጣል እንበል።

800 ግራም ፈትል 400 ብር ያወጣል።
ከ400 ብር የጥጡ ዋጋ 200 ብር ይቀነሳል።
የቀረው 200 ብር ነው።
200 ብር ለ16 ቀን ሲካፈል፣ ለአንድ ቀን 12 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳታል።

አያችሁ? «400 ብር አገኘሁ» ብላ ደስ ብሏት ነበር። የቀን ድካሟ ግን 12 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ሆነ። ይህን ያወቀችው ስለቆጠረች ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር እንጨምር። ፈትሉን ሳትመዝን ገበያ ወሰደችው። ነጋዴው ልቃቂቶቹን በእጁ ከፍ ዝቅ አደረገና «700 ግራም ቢሆን ነው» አላት። እሷም «ይሁን» አለች። የተከፈላት 350 ብር ነው።

የጠፋው ስንት ነው? 50 ብር ነው። 50 ብር ማለት የስንት ቀን ድካም ነው? 12 ብር ከ50 ሳንቲም 4 ጊዜ ሲደመር 50 ብር ይሆናል። ስለዚህ የጠፋው የ4 ቀን ድካም ነው። 4 ቀን ሙሉ ተቀምጣ ፈተለች። በአንድ «ይሁን» ቀለጠ።

ነጋዴው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። እሱም ገምቶ ነው። ግምት ግን ሁልጊዜ ወደ ገማቹ ያደላል። ሚዛን ግን ለማንም አያዳላም። ስለዚህ ፈትል ከቤት ሳይወጣ ይመዘን። ክብደቱ በወረቀት ይጻፍ። ወረቀቱም አብሮ ገበያ ይሂድ።

ለአንዲት ሴት ሚዛን መግዛት ይከብዳል። ለ10 ሴቶች ግን ይቀላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? አብሮ የመፍተል አንዱ ጥቅም ይኸው ነው።

አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስ

አብረው የሚፈትሉ ሴቶች አንድ ደብተር ይኑራቸው። ደብተሩ ላይ አራት ነገር ይጻፋል። ስም፤ ቀን፤ የተቀበለችው ጥጥ፤ ያስረከበችው ፈትል። በቃ።

ለምሳሌ ሦስት አባላት እንውሰድ። «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» እንበላቸው።

ሀ — ጥጥ 500 ግራም፤ ፈትል 450 ግራም።
ለ — ጥጥ 500 ግራም፤ ፈትል 400 ግራም።
ሐ — ጥጥ 500 ግራም፤ ፈትል 460 ግራም።

ከ«ሀ» 50 ግራም ጎደለ። ከ«ሐ» 40 ግራም ጎደለ። ከ«ለ» ግን 100 ግራም ጎደለ። ለምን?

ደብተር ከሌለ እዚህ ላይ ሐሜት ይነሣል። «ጥጡን ወስዳ ነው» ይባላል። ማኅበር የሚፈርሰው እንዲህ ባለ ወሬ ነው። ደብተር ካለ ግን ጥያቄ ይነሣል። «እቴ፣ ምን ገጠመሽ?» ትባላለች። ምናልባት የደረሳት ጥጥ ፍሬና ቆሻሻ የበዛበት ነው። ምናልባት እንዝርቷ ተጣሟል። ምናልባት ገና ጀማሪ ናትና ክሩ እየተበጠሰ ብዙ ይጣላል። ችግሩ ሲታወቅ መፍትሔው ይገኛል። ጥጡ ከሆነ ሁሉም እኩል ይካፈሉት። እንዝርቱ ከሆነ ይለወጥ። ልምድ ከሆነ ከ«ሐ» አጠገብ ትቀመጥና ትማር።

ደብተር ዳኛ ነው። ደብተር አስተማሪም ነው።

ደብተሩን ማን ይያዝ? አንዷ ብቻ ለዘላለም አትያዝ። በየወሩ በተራ ይያዝ። ሁሉም መጻፍ እንዲለምዱ ነው። ደግሞም ሁሉም ያነበበው ሒሳብ አይሰረቅም። መጀመሪያ ላይ ፊደሉ ይጣመማል። ቁጥሩ ይሰረዛል። ግድ የለም። የጀማሪ ፈትልም እኮ ይወፍራል፤ ይቀጥናል። ቀስ በቀስ እኩል ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። ሴቶች ሲፈትሉ ሁለት እጃቸው ተይዟል። ጆሯቸው ግን ነፃ ነው። ስለዚህ አንዷ በተራ እንዝርቷን ታስቀምጥና ታንብብ። ሌሎቹ እየፈተሉ ያዳምጡ። ስለ ልጆች ክትባት፣ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ዘር የሚናገር ወረቀት ይነበብ። ያልገባ ቃል ሲገኝ ሥራው ይቁም፤ ውይይት ይደረግበት።

በአገራችን ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ ሺህ የገጠር እናቶች ፊደል ቆጥረዋል። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኝቷል። ነገር ግን ፊደል እንደ ማረሻ ነው። ካልተሠራበት ይዝጋል። ከተማሩት ብዙዎቹ የሚያነቡት ነገር አጥተው እንደገና ረሱት። በየሳምንቱ የሚጻፍበት ደብተር ያላት ሴት ግን አትረሳም። ፊደሏ እንደ ተሳለ ማረሻ ይኖራል።

የሌሎችን እንይ

በሥራ አንድ ሆነው የተጠቀሙ ሰዎች በቅርብም በሩቅም አሉ።

ከጎጃም ብዙ ሳይርቅ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በደቡብ ጎንደር በፎገራ ወረዳ አውራ አምባ የምትባል መንደር አለች። የመሠረቷት አቶ ዙምራ ኑሩና ባልንጀሮቻቸው ናቸው። ጊዜው 1964 ዓ.ም. ነበር። የእርሻ መሬታቸው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሽመናን ዋና መተዳደሪያ አደረጉ። በአውራ አምባ ሥራ የወንድ፣ የሴት ተብሎ አይከፈልም። ሴት ትሸምናለች። ወንድ ይፈትላል። አቅም ያጡ አዛውንት በማኅበሩ ይጦራሉ። ልጆችም ይማራሉ። ከሩቅ አገር ሳይቀር ሰው ሊያያቸው መጥቷል።

በድሮ ዘመን ሸማኔና ቀጥቃጭ ይናቁ ነበር። ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን የሚሰድብ ብዙ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረዋል። ንቀቱ ግን በአንድ አዋጅ አልጠፋም። ንቀት የሚጠፋው ሠራተኛው ራሱ የሥራውን ዋጋ ሲያውቅና ሲያሳውቅ ነው።

አሁን ወደ ሩቅ እንሂድ። በአሜሪካ አገር አላባማ በሚባል ግዛት ጊዝ ቤንድ የሚባል የገጠር መንደር አለ። ነዋሪዎቹ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ። አያቶቻቸው በጥጥ እርሻ ላይ ባሪያዎች ነበሩ። ድሆች ስለነበሩ ሴቶቹ ከአሮጌ ልብስ ቁራጭ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። የሥራ ሱሪ ሲያልቅ አይጣልም። ይቆረጥና ከሌላ ቁራጭ ጋር ይገጣጠማል። ከሥር ሌላ ጨርቅ ይደረጋል። በመካከል ጥጥ ይገባል። ከዚያ ሦስቱ አንድ ላይ ይሰፋሉ።

እኛ ይህን ብናይ «ድሪቶ» እንለው ነበር። ድሪቶ የድህነት ልብስ ነው። እነሱ ግን ድሪቶውን በቀለምና በቅርጽ አሳመሩት። ይህንንም ሙያ እናት ለልጅ አስተማረች።

እ.ኤ.አ. በ1966 የዚያ አካባቢ ሴቶች የሰፊዎች ማኅበር አቋቋሙ። ብርድ ልብሶቻቸውን በአንድነት ሸጡ። መሬት ገዝተው የመስፊያ ቤት ሠሩ። ያ ማኅበር ዛሬ የለም። ሥራቸው ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የጊዝ ቤንድ ብርድ ልብሶች በትልልቅ ቤተ መዘክሮች ታይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት በቴምብር ላይ አትሟቸዋል። በድህነት የተሰፋ ጨርቅ የአገር ቅርስ ሆነ።

የእነሱ ብርድ ልብስ ሦስት ድርብ ነው። የእኛ ጋቢ አራት ድርብ ነው። አገሩ ይራራቃል። ነገሩ ግን አንድ ነው። ብርድ ነበር፤ ጥጥ ነበር፤ የሴት እጅ ነበር። ዋጋ ያገኘው ግን እጆቹ ሲተባበሩ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በጎጃም ደጋ እንዝርት የማያውቅ ቤት የለም ማለት ይቻላል። የጎደለው ሙያ አይደለም። የጎደለው ቆጠራ ነው። ስለዚህ፦

ጥጥ ስትገዙ ዋጋውን ጻፉ።
መፍተል የጀመራችሁበትን ቀን ጻፉ። የጨረሳችሁበትንም ጻፉ።
ፈትሉን ከቤት ሳይወጣ መዝኑ።
ፈትሉን መሸጥ ይሻላል ወይስ ጋቢ አሠርቶ መሸጥ? ሁለቱንም አስሉና ምረጡ።
ብቻችሁን ገበያ ከመውጣት አብራችሁ ውጡ። የ10 ሴት ፈትል የያዘ ሻጭ ዋጋ መጠየቅ ይችላል።

ሕጋዊ ማኅበር ማቋቋም ብትፈልጉ የወረዳችሁን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ስትጠይቁም የሚነግሯችሁን ጻፉ። ያልተነበበ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። አሁን ማንበብ ትችላላችሁና አንብባችሁ ፈርሙ።

ባሎችም ይህን አንብቡ። ሚስትህ ለፈትል ስትቀመጥ «ሥራ ፈታች» አትበል። ትከሻህ ላይ ያለው ጋቢ የስንት ቀን ሥራ እንደሆነ ከላይ ካለው ሒሳብ አስላ። ጥጡን መዳመጥ ለወንድ ክንድ አይከብድም። በአውራ አምባ ወንዱ ይፈትል የለ?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አበው። አንድ ክር በጣት ይበጠሳል። ብዙ ክር ሲገመድ ግን ገመድ ነው። የፈትል ወንፈል ያላችሁ አጽኑት። የሌላችሁ ጀምሩት። አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ጨምሩበት።

የሳምንቱ ቃላት

እንዝርት፤ ባዘቶ፤ አመልማሎ፤ ልቃቂት፤ ድር፤ ማግ፤ ሚዛን፤ ደብተር።

እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ጻፉ።

የሳምንቱ ሒሳብ

አንዲት ሴት ጥጥ በ300 ብር ገዛች። ፈትሉን በ540 ብር ሸጠች። ሥራው 20 ቀን ፈጀባት። ስንት ብር ቀራት? ለአንድ ቀን ስንት ብር ይደርሳታል?

መልስ፦ የቀራት 240 ብር ነው። ለአንድ ቀን 12 ብር ይደርሳታል።

ለውይይት

1. በቀበሌያችሁ አብረው የሚፈትሉ ሴቶች አሉ? ተራውን እንዴት ያወጣሉ?
2. ፈትል የሚሸጠው በሚዛን ነው ወይስ በግምት? በግምት ከሆነ ማን ይጎዳል?
3. ከአያቶቻችሁ የተማራችሁት፣ ልጆቻችሁ ግን ገና ያልተማሩት ሙያ ምንድን ነው? አንዱን መርጣችሁ ጻፉት።